ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸውን የሚያማቸው ሰው

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ዶካ ላይ የሆነው ነገር ከተራ የወባ ታሪክ አይለይባችሁም። ጎንደር ውስጥ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ያደግኩት እስራኤል ለመሄድ ተራ የሚጠብቁ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ቤት ተከራይተው በሚኖሩበት ሰፈር ነው። ወላጆቼ ከገጠር የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ሲመጡ ለጥቂት ወር ብለው ነበር። እኔ ተወልጄ፣ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጥቂቱ ወር ገና አላለቀም። ስለዚህ ሃይማኖት ለእኔ ከእምነት ይልቅ የወረፋ ጉዳይ ነበር። ጸሎት ቤት የሚኬደው ስም እንዳይሰረዝ፣ የሚጾመው ጎረቤት እንዳያማ ይመስለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ነገሩን አቀለለልኝ። ዶርም ውስጥ ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ስሜ ያየህ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ያየህ የሌለበት ሰፈር የለምና ማንም አይጠረጥርም። ቅዳሜ ትምህርት ካለ እማራለሁ፣ ፈተና ካለ እፈተናለሁ። ከግቢው ጀርባ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ዓርብ ማታ የሚሰበሰቡ ጥቂት የእኛ ልጆች ነበሩ። ሰናይት የምትባል የነርስ ተማሪ ሻማ ታበራለች፣ ከኦሪት ይነበባል፣ ከዚያ ክርክር ይነሳል። እኔ የምሄደው ለዳቦውና ለክርክሩ ነበር። ሰናይት አንድ ቀን፣ "አንተ እዚህ የምትመጣው ጠበቃ ሆነህ ነው፤ ደንበኛህ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንድ ዓርብ የተነሳው ክርክር ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሰው በሰንበት ቢታመም መኪና ይሳፈራል ወይ? የሚል ነበር። ሰናይት ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንደሚሻር፣ ሊቃውንቱም እንደተስማሙበት ተናገረች። እኔ ለክርክሩ ማጣፈጫ ያህል ተቃራኒውን ይዤ ተከራከርኩ። ያሸነፍኩም መስሎኝ ወደ ዶርሜ ሄጄ ተኛሁ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው በፀጥታ ችግር ተዘጋ። ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ የሰነበትኩትን እናቴ አይታ ሥራ ሰጠችኝ። "ሱዳን ሂድና አያ ካሳን አምጣልኝ" አለች።

አያ ካሳ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ወገኖቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን በሄዱበት ዘመን አብረው ወጡ። ገዳሪፍ አጠገብ መጠለያ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ለቀን ሥራ እርሻ ወርደው ሳለ፣ አብረዋቸው የነበሩት ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ሲመለሱ የቀረ የሚያውቁት ሰው አልነበረም። ወደ ኋላ መመለስ ያስፈራል፣ ወደ ፊት የሚወስድ የለም፤ ዶካ ላይ ቀሩ። ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ ሰሊጥ ሲደርስ የእኛ አገር የቀን ሠራተኛ ይሞላታል። አያ ካሳ የአባታቸውን ሙያ ይዘው ነበርና ብረት እየቀጠቀጡ ለዚያ ሁሉ አጫጅ ማጭድ መሥራት ጀመሩ። እናቴ በሕይወት መኖራቸውን የሰማችው በቅርብ ዓመት ከአንድ ሠራተኛ ነው። ካርቱም በጦርነት ስትታመስ ጊዜ ግን እንቅልፍ አጣች።

በመተማ በኩል ከሠራተኞች ጋር ተሻግሬ ዶካ የደረስኩት ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። ማንንም ብጠይቅ አም ካሳን፣ በእነሱ አጠራር አጎት ካሳን፣ ያውቃል። ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር፣ የብረት መቀጥቀጫ መስፋቸውን ከፊታቸው አድርገው፣ ቀጭን፣ ክንዳቸው ግን ከጭናቸው የማያንስ ሽማግሌ ማጭድ ሲሞርዱ አገኘሁ። የእናቴን አፍንጫ እሳቸው ፊት ላይ ሳየው ደነገጥኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ማጭዱን ጥለው አገላብጠው ሳሙኝ።

ከፊት ለፊታቸው እትዬ ዘውዴ የምትባል የመተማ ሴት ሻይና ፉል ትሸጣለች። እሷ በር ላይ ሁልጊዜ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ትቆማለች፤ እዚያ አገር ቦክስ ይሏታል። ባለቤቱ ዑስማን የዶካ ተወላጅ ነው። ከእኛ ሠራተኞች ጋር ሲመላለስ በማደጉ አማርኛን እንደ ቆላ ሰው ይናገራል። ሁለቱም እየመጡ ጨበጡኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ፉል አበሉኝ። አያ ካሳ ዘመድ አልባ አለመሆናቸውን ሳይ ለእናቴ የምነግረው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አያ ካሳ በቀረው ፍም ላይ በብረት ድስት ዳቦ ጋገሩ። ከዚያ ፍሙን አሸዋ አለበሱት፣ ወናፉን ጠቅልለው አስቀመጡ፣ ገላቸውን ታጥበው ነጭ ለበሱ። ፀሐይ ሳትገባ በሩን ዘጉ። ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱልኝ፣ እናቴ በረከቴ የምትለው የሰንበት ዳቦ መሆኑን አወቅሁ። እሳቸውን ያስተማራቸው መጽሐፍ የለም፤ ያስታወሳቸውም ሰው የለም።

"አያ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሰንበት ያከብራሉ?" አልኳቸው።

"እና ምን ላድርገው?"

"ጎረቤቶችዎስ ያውቃሉ?"

ሳቁ። "እዚህ አገር ሰንበት አከብራለሁ ብትል ለምን ይሉሃል። ለምን ካሉህ ማን ነህ ይመጣል። ማን ነህ ከመጣ ደግሞ የማታውቀው ሰው በመኪና ይመጣል። ስለዚህ እኔን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን ያመኛል።"

"እንዴት?"

"እንዴትማ! ያመኛል ነው። ዓርብ ማታ ይጀምረኛል፣ ቅዳሜ ማታ ይለቀኛል። ገበያው ሁሉ ያውቃል። ቅዳሜ ማጭድ የሚፈልግ ቢመጣ፣ ካሳን አሞታል፣ ነገ ና ብለው የሚመልሱልኝ እነሱ ናቸው።" አሁንም ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበድ አለ። "አንተስ? በዚያ በትልቁ ትምህርት ቤት ሰንበትህን ታከብራለህ?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ግን አልመጣልኝም። "ፈተና ካለ እፈተናለሁ" አልኩ።

አልተቆጡም። "እውነቱን መናገርህ ደግ ነው" ብለው ሌላ ቁራሽ ሰጡኝ። ወደ ጎንደር እንሂድ የሚለውን ወሬ ሳነሳባቸው በሰንበት የመንገድ ወሬ አይወራም ብለው አስቆሙኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ቆመው ይጸልዩ ነበር። ጸሎታቸው ከወትሮው የሰው ጸሎት ያጠረ መሰለኝ። ጨርሰው አንገረባቸው ላይ፣ በገመድ የተጠለፈው የሱዳን አልጋ ላይ ማለቴ ነው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

"አያ፣ ምነው?"

"ራሴን" አሉኝ።

ሳቅሁ። "አያ፣ እኔና አንቱ ብቻ ነን እኮ፤ ለማን ነው?"

አልመለሱልኝም። እንቅልፍ ያዛቸው ብዬ ወጣሁና እትዬ ዘውዴ ጋ ሻይ ጠጣሁ። ቅዳሜ የዶካ ገበያ ቀን ነው፤ ግመሉም፣ ጋሪውም፣ የሰሊጡ ጆንያም መንገዱን ዘግቶታል። ዑስማን የአንድ ነጋዴ ጆንያ እየጫነ ነበር። "አም ካሳስ?" አለኝ በእጁ ግንባሩን ይዞ። "እንደተለመደው" አልኩት። እትዬ ዘውዴ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ በብርጭቆ ቀድታ ውሰድለት አለችኝ። እንዲህ ያለ ምስጢር ውስጥ መግባቴ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ቀስ ብዬ ጠጥቼ፣ ገበያውን ዞሬ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ የአያ ካሳን ሻይ ይዤ ተመለስኩ።

በሩን ስከፍት የሰማሁት ድምፅ የአልጋው ነው። ከእሳቸው መንቀጥቀጥ የተነሳ አንገረቡ ይንቋቋል። አጠገባቸው አስመልሷቸዋል። ግንባራቸውን ስነካው እጄን መልሼ ሳብኩት። "ተሰማ፣ በሬውን መልሰው" አሉኝ። ተሰማ የሞተው የእናቴ ወንድም ነው፤ እኔ አላውቀውም። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ሌላ የሚያምር ነገር ብጨምርበት እዋሻችኋለሁ።

ሮጬ ጤና ጣቢያው ደረስኩ። ሐኪሙ ገዳሪፍ ሄዷል። አንዲት ነርስ የተጨናነቀውን በረንዳ እያየች በአረብኛ ነገረችኝ፤ እዚያ የቆመ የአገሬ ሰው አስተረጎመልኝ። መቀባዠር ከጀመረ ወባው ወደ ራሱ ወጥቷል፤ እዚህ መርፌው አልቋል፤ ከካርቱም የተፈናቀለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ገዳሪፍ አድርሰው። የምትለው ይህንን ነበር።

ተመልሼ ዑስማንን ክንዱን ያዝኩት። "አያ ካሳ በጣም ታመዋል። ገዳሪፍ ማድረስ አለብን።"

ዑስማን ገመድ እያጠበቀ ሳቀ። "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሰብት አይደል? ቅዳሜ ነው! ነገ ጠዋት እንደ ብረት ሆኖ ይነሳል።"

"የዛሬው ሌላ ነው። ይቀባዥራሉ።"

"ራሱን ሲያመው መቼ ማውራት ይችላል? ተወው ይተኛ። እንግዳ ስለሆንክ ነው የምትደነግጠው።"

እትዬ ዘውዴም ከምድጃዋ ቀና ብላ፣ "እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዳንተ ደንግጬ አልቅሻለሁ፤ ቅዳሜ ሲያልፍ ይተወዋል የኔ ልጅ" አለችኝ። ሌላ መኪና ለመንኩ። ሁሉም ተጭኗል፤ ያልተጫነውም ባለቤቱ የታመመው ካሳ ነው ሲባል እጁን አወናጭፎ ይሄዳል። ገበያው ሁሉ መልሱን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። አጎቴ ብዙ ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ የገነቡት ውሸት፣ እውነት ሆኖ ሲመጣ የሚያምነው ሰው አጣ።

መንገዱ መሐል ቆሜ አሰብኩ። ማመን የሚችሉት የድሮው ራስ ምታት ውሸት እንደነበር ከነገርኳቸው ብቻ ነው። ያን ከተናገርኩ ቀጣዩ ጥያቄ ለምን? የሚል ነው። ለምን ከመጣ ደግሞ የሚከተለውን አያ ካሳ ማታ ዘርዝረውልኛል። ምስጢሩ የእኔ ቢሆን ምንም አልነበረም። የእሳቸው ነው፤ ሲደብቁት ኖረዋል፣ ቢወጣ የሚከፍሉትም እሳቸው ናቸው። ሳልጠይቃቸው ልናገር አልቻልኩም።

ስገባ ትንሽ ነቅተዋል። አውቀውኛል። ጨርቅ በውኃ ነክሬ ከንፈራቸው ላይ አደረግሁ።

"አያ፣ ገዳሪፍ ልውሰድዎ ነው። ለዑስማን እውነቱን ልንገረው?"

"የቱን እውነት?"

"የቅዳሜውን።"

"አትነግረውም። ፀሐይ ሲገባ እሄዳለሁ።"

"ፀሐይ እስኪገባ ላይቆዩ ይችላሉ። ነርሷ ነግራኛለች።"

"በሰንበት መኪና አልወጣም" አሉ። ቃሉን ለመናገር ትንፋሻቸውን ሁለት ጊዜ ሰበሰቡ።

የተማርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። "አያ፣ ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል። ሊቃውንቱ ተስማምተውበታል።"

"የት ያሉ ሊቃውንት?"

"የአይሁድ ሊቃውንት። እኛ ዓርብ ዓርብ እናነበዋለን።"

"እኛ ቤት እንዲያ አልተባለም። አባቴን በሰንበት እባብ ነደፈው። መድኃኒት የሚያውቀው ሰው ከወንዝ ማዶ ነበር። በሰንበት ወንዝ አይሻገርምና ፀሐይ እስኪገባ ጠበቅን።"

"ከዚያስ?"

"ቀበርነው።"

ጨርቁን እንደገና ነክሬ ግንባራቸው ላይ አደረግሁት። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ ዓይናቸውን ገልጠው ቀጥ አድርገው አዩኝ። "ያ የምትለው ሕግ ጥሩ ሕግ ነው። አባቴን ያድነው ነበር። አንተ ግን በዚያ ሕግ ትኖራለህ?"

ከዓይናቸው ሸሽቼ በሩን አየሁ።

"ማታ ምን አልከኝ? ፈተና ካለ እፈተናለሁ አልከኝ። ስትፈልግ ሰንበት የለም፤ ስትፈልግ ሰንበት ይሻራል። የሌለ ነገር እንዴት ብሎ ይሻራል፣ ያየህ?"

እንዲህ ያለ መልስ ከመምህሮቼም ሰምቼ አላውቅም። ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል ቢሆን ኖሮ አንድ ሌላ አንቀጽ እስካገኝ አወራ ነበር። እዚህ ግን ሰውየው እያየኋቸው እየሄዱ ነው። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። እያለቀስኩ ነበር።

"እኖርበታለሁ" አልኩ።

"ከመቼ?"

"ከሚመጣው ሰንበት ጀምሮ።"

"ፈተና ሲኖርስ?"

"ሲኖርም።"

"በእናትህ?"

"በእናቴ።"

መንቀጥቀጡ እንደገና ሊጀምራቸው ሲል፣ "እንግዲያው ንገራቸው" አሉ። "የዛሬዋን ሰንበት ላንተ ሰጥቼሃለሁ። ከአልጋዬ ግን አልወርድም።" ከዚያ በኋላ ያወሩት ከተሰማና ከበሬው ጋር ነው።

እትዬ ዘውዴ ዳስ ሥር ሰው ሞልቷል። ዑስማን ጭነቱን ጨርሶ ሻይ ይጠጣል፤ ባለ ጆንያው ነጋዴ አጠገቡ ተቀምጧል። ፊታቸው ቆምኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

"ዑስማን፣ አያ ካሳ ቅዳሜ ራሳቸውን አሟቸው አያውቅም። አንድም ቅዳሜ። ቤተ እስራኤል ናቸው። አይሁድ። ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ነው በራቸውን የሚዘጉት። ዛሬ ግን እውነት ታመዋል፤ ሊሞቱ ነው።"

እትዬ ዘውዴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ነጋዴው ዑስማንን በአረብኛ ጠየቀው፤ ዑስማን ሲመልስለት የሁድ የሚለው ቃል ተሰማኝ። ነጋዴው ተነስቶ ምራቁን ወደ መሬት ተፋና ወደ ጆንያው ሄደ።

ዑስማን እኔን ብቻ ነው የሚያየው። "አንተስ?" አለኝ።

በዕድሜዬ ያን ጥያቄ ጎንደር ውስጥ እንዲህ በቀጥታ የጠየቀኝ አልነበረም። "እኔም" አልኩ።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። የሚያስበውን ፊቱ ላይ ለማንበብ ሞክሬ አልቻልኩም። ከዚያ ወደ መኪናው ዞሮ ለጫኞቹ ጮኸ፤ "ኸላስ፣ በቃ! ጆንያውን አውርዱ!" ነጋዴው ጮኸበት። ዑስማን መልስ እንኳ አልሰጠውም፤ ራሱ አንዱን ጆንያ ጎትቶ መሬት ላይ ጣለው።

አያ ካሳ ዑስማንን ሲያዩ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨመቁ። ዕድሜ ልካቸውን መዶሻ ያነሳ እጅ ነው፤ ትኩሳቱም አላላላውም። "አልወርድም" አሉ፤ ያንን ብቻ ደጋግመው አሉ።

"ከአልጋው አልወርድም ብለው ነው የፈቀዱልኝ" አልኩት ዑስማንን።

"ታዲያ ማን ውረድ አለው?" አለና የአልጋውን ራስጌ ያዘ። "ግርጌውን ያዝ።"

አንገረቡን ከነሰውየው አንስተን፣ በገበያው መሐል ተሸክመን፣ ቦክሷ ጀርባ ላይ ጫንነው። ሰው ቆሞ ያያል። እትዬ ዘውዴ አልመጣችም ብዬ ሳስብ ውኃና አንሶላ ይዛ እየሮጠች ደረሰች። መኪናው ላይ አቀበለችኝና አያ ካሳን ቁልቁል እያየች፣ "ይህን ሁሉ ዓመት ዝንጅብል አስቀቀልከኝ ካሳ! ምናለ ብትነግረኝ?" አለች። እያለቀሰችም እየተቆጣችም ነበር።

እኔ ከኋላ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። የሰሊጡ እርሻ በሁለቱም ወገን ያልፋል፤ አጫጆቹ ቀና እያሉ ያዩናል። በየመሐሉ ዑስማን በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ይተነፍሳል?" ይለኛል። "ይተነፍሳሉ" እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ። "ስንት ቅዳሜ ፓናዶል ገዝቼለታለሁ መሰለህ! የት ነው የሚያደርገው?" አላውቅም አልኩት። ወደ መንገዱ ዞሮ ለብቻው በአረብኛ ሲሳደብ ሰማሁት፤ ከዚያ ትከሻው በሳቅ ይሁን በሌላ ነገር ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ገዳሪፍ ሆስፒታሉ ሰው በሰው ላይ ሆኖ ነበር። ከበሽተኛው ብዛት አልጋ የለም ሲሉን ዑስማን አልጋማ ይዘን መጥተናል አላቸው። አንገረቡን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥነው፤ መርፌውንም እዚያው ወጓቸው። ሐኪሙ እስከ ማታ ቢቆዩ ኖሮ አላተርፋቸውም ነበር አለን። የነገረን ሥራ እንደበዛበት ሰው፣ ሌላ ታማሚ እያየ ነው። በማግስቱ አወቁኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሾርባ ጠጡ።

ዶካ ስንመለስ ሁሉም እንደ ነበረ አልጠበቀንም። ነጋዴውና የእሱ ሰዎች ማጭድ ከሌላ መግዛት ጀመሩ። ከእኛው አገር ሠራተኞችም አንዳንዱ በዳሱ ሲያልፍ መንገድ ይቀይራል፤ ብረት ቀጥቃጭነቱ ላይ ይህ ሲጨመርበት ቡዳ የሚለው የድሮ ወሬ ተመለሰ። እትዬ ዘውዴ ለተወሰነ ጊዜ አኮረፈች። ያስቀየማት ሃይማኖታቸው አልነበረም፤ ሳታውቅ መኖሯ ነው ያስቀየማት። የሚያስፈራው መኪና ግን አልመጣም። አገሩ በራሱ ጦርነት ተይዟል፤ የአንድ ሽማግሌ ሰንበት ማንን ያሳስበዋል?

እንሂድ አልኳቸው። "ይህን ያህል ዘመን የቀረሁት ተደብቄ ነው። አሁን ገና ሳልደበቅ ልኖር ስል ነው የምትወስደኝ?" አሉኝ። ለእናቴ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ አለቀሰች፣ ከዚያ ስቃ፣ "እሱማ ድሮም እንዲህ ነው" አለች።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎች፣ ከዚያ ወዲህ ያየህ የጸና ሰው ሆነ ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ቀላል ነበሩ፤ ትምህርት አልነበረምና ሰንበት ማክበርና መተኛት አንድ ዓይነት ነበር። ዓርብ ማታ ሰናይት ዘንድ ስሄድ ከክርክሩ ይልቅ የሚነበበውን መስማት ጀመርኩ። ለጥያቄዬም ከሌላው ጊዜ የረዘመ መልስ ትሰጠኝ ነበር። ኋላ የመጨረሻው ፈተና ፕሮግራም ተለጠፈ። ከባዱ ፈተና ቅዳሜ ጠዋት ላይ ዋለ።

በዚያው ሰሞን አያ ካሳን የምናገኝበት የዶካ ስልክ ጠፋ። ኔትወርኩ በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጧል ተባለ። አያ ካሳ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ይህን ስጽፍላችሁም አላውቅም። ውል በማስገደድ ከተገባ ሊፈርስ እንደሚችል ተምሬአለሁ፤ ጥሩ ውጤት ያመጣሁበት ትምህርት ነው። በትኩሳት ከሚንቀጠቀጥ ሰው አልጋ አጠገብ እያለቀስኩ የሰጠሁትን ቃል የትኛውም ዳኛ አያጸናብኝም። ከሳሽ የለም። ቢኖርም ስልኩ አይሠራም። ይህን ሁሉ ለራሴ በሚገባ አስረዳሁ፤ ራሴም ተስማማልኝ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ቃሉን የሰጠሁት ለሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ በጠፋ ነበር።

መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። ቅዳሜ መፈተን እንደማልችል ነገርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"አድቬንቲስት ነህ እንዴ? እነሱን ባለፈው ዓመትም ለብቻ ፈትነናቸዋል፤ የታወቀ አሠራር አለው። ነህ በለኝና እሑድ ትፈተናለህ።"

ዶካ ላይ የተናገርኩት ሰው እየሞተ ስለነበር ነው፤ እዚያ ዝም ማለት ነበር የሚከብደው። እዚህ ቢሮ ውስጥ የሚሞት ሰው የለም። ራሴን ብነቀንቅ ሰንበቱም አይሻር፣ ፈተናውም አይቀር። አንገቴ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

"አይደለሁም፣ መምህር። ቤተ እስራኤል ነኝ" አልኩ።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው እንደማያውቅ፣ ለዲፓርትመንቱ መቅረብ እንዳለበት፣ እስከ ቅዳሜ ግን መልስ እንደማይደርስ ነገሩኝ። ካልተፈተንኩ ትምህርቱን ከታናሾቼ ጋር እወስዳለሁ፤ ከጓደኞቼም ጋር አልመረቅም። ይህን ያሉት በክፋት አይደለም። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የዶርሜ ልጆች ማስታወሻቸውን እያገላበጡ፣ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ እየተጯጯኹ ተነሱ። እኔ ፊቴን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ሁሉም ወጥተው የመጨረሻው ልጅ በሩ ላይ ዞረ።

"ያየህ፣ ሰዓቱ ደረሰ እኮ፤ አትመጣም?"

"አልመጣም" አልኩት፤ "ዛሬ ሰንበቴ ነው።"